ስድስተኛው ቋጠሮ

ሰውየውን እንደ ፍራሽ ጠቅልለው አስረውታል። ከጫማው ጫፍ በቀር ምኑም አይታይም። መጠቅለያው የሱቁ የመስኮት መጋረጃ ነው፣ ማሰሪያው ደግሞ ዕቃ የሚታሸግበት ነጭ ሲባጎ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን የከፈተችው ሻጯ መጀመሪያ የመጣላት ነገር «ደግሞ ማን ነው እዚህ ፍራሽ የጣለው?» የሚል ነበር። በእግሯ ገፋ አደረገችው። ፍራሹ ጫማ አወጣ። ጩኸቷ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ።

ሟቹ የሱቁ ባለቤት ነው። ሱቁ የሚሸጠው እጅ ነው። አዎ፣ እጅ። ሰው ሠራሽ፣ ከመስታወት ጀርባ በድንጋይ ማሳያ ላይ ጣቱን ዘርግቶ ሊጨብጣችሁ የሚመስል። አቅም ያለው ሰው ጤነኛ እጁን አስቆርጦ ይሄንን ያስተክላል፤ አይደክም፣ አይንቀጠቀጥ። እነሱን ሰው «ብረት» ይላቸዋል። እኔና እናንተ «ሥጋ» ነን። ደህና ደህና ሥራ ያለበት በር ላይ «ሥጋ አይገባም» ተብሎ አልተለጠፈም፤ ግን ያው አይገባም።

ኢንስፔክተሯን ጣቢያው ሁሉ «መርፌ» ነው የሚላት፤ የነካችው ሁሉ ስለሚዘል። ሁለት የሥጋ ዓይን፣ ሁለት የሥጋ እጅ፣ አንድ የሚያማት ጉልበት። ለዚህም ነው ሠላሳ ዓመት ሠርታ እዛው ኢንስፔክተርነቷ ላይ የቀረችው። ረዳቷ ሳጅን ግን መሥሪያ ቤቱ ቀኝ ዓይኑን አውጥቶ ካሜራ ተክሎለታል። ስሙም ካሜራ ሆኖ ቀረ። ቀጣዩ ሹመት የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ካሜራ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቃል።

«ጨርሻለሁ» አለ፣ እሷ ገና ሳትንበረከክ።

«ምኑን?»

«ምርመራውን። በማሳያ ድንጋይ ጭንቅላቱን ተመቷል። ትናንት አስራ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ ሱቅ ሲዘጋ። ስድስት ቦታ ታስሯል። ቋጠሮውን ዓይኔ አይቶታል፤ ሁለት ዙር ዞሮ ጅራቱ ወደ ውስጥ የሚወሸቅ። የፍራሽ አዳሽ ቋጠሮ ነው። እዚህ ሱቅ የሚመላለስ ደግሞ አንድ ፍራሽ አዳሽ አለ። በቃ።»

«ቁርስ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«በል ብላና ና፤ እስከዚያ እኔ ልጀምር።»

ካሜራ አልሄደም። ጥርሱን እያፋጨ ቆመ። እሷ ጉልበቷን እየረገመች ወረደችና ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ነካካች። አምስቱ በማኅተም የተመቱ ይመስል አንድ ናቸው፤ ጠፍጣፋ፣ ጥብቅ፣ ጅራታቸው የተደበቀ። ስድስተኛው፣ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ያለው፣ ገና ጫማ ማሰር የሚለማመድ ልጅ ያሰረው ነው የሚመስለው። ላላ ብሎ ጅራቱ ተንጠልጥሏል።

«ይሄኛው ምን ሆነ?»

«ቸኩሎ ነዋ።»

«አምስቱን ተዝናንቶ አስሮ ስድስተኛው ላይ ቸኮለ?»

«ኮቴ ሰምቶ ይሆናላ። ኧረ ኢንስፔክተር፣ ለምን ቀላሉን ነገር ያከብዱታል?»

ወደ ሻጯ ዞረች። ልጅቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

«የኔ ልጅ፣ ፍራሽ አዳሽ እጅ ሱቅ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሻጯ ሟቹ እንዳይሰማት የፈራች ይመስል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እጅ ይገራል። አዲስ እጅ ከፋብሪካ ሲወጣ ደደብ ነው፤ ብርጭቆ ስጡት ያደቀዋል። አንድ ሰው አርባ ቀን አድርጎት፣ በልቶበት፣ ሠርቶበት ካልገራው አይሸጥም። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን የጥጥ ማበጠሪያ ማሽን ነው የበላባቸው። ለእሳቸው እጅ የሚገዛላቸው የለም። ግን የሰው እጅ ይገራሉ።»

«ገዢዎቹ ያውቃሉ?»

«ኧረ በስመአብ! ‹በማሽን የሠለጠነ፣ ማንም ያልነካው› ተብሎ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ሌላ ሰው ጀርባውን ያከከበትን እጅ ማን ይገዛል?»

«ሰባት ቁጥር የለም!» ብሎ ጮኸ ካሜራ ከመደርደሪያው በኩል። «አንድ እጅ ተሰርቋል። አንድ እጁ ሰውዬ ሰባት ቁጥርን አደረገና ጨረሰው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?»

ሻጯ አመድ መሰለች። መርፌ አየቻት።

*

ሁለተኛ ፎቅ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ተቀባይዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጭኗ ላይ አድርጋ በመቀስ ትታገላለች።

«ምን አደረገሽ?» አለቻት መርፌ።

«ዶክተር ያሰሩት ነገር በመቀስ ካልሆነ አይፈታም። መሣሪያዎቹን ለመቀቀያው ራሳቸው ናቸው የሚጠቀልሉት፤ ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። እኔ ጥፍሬን ጨረስኩ።»

«የዶክተር ነገር!» ብላ ሳቀችና አለፈች።

ዶክተሩ መልከ መልካም ነው። ግራ እጁን ዘረጋላት፤ ቀኙ በነጭ ጓንት ውስጥ ሆኖ ኪሱ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ከዲግሪው ከፍ ብሎ የእጁ የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ከሁለት ዓመት ወዲህ በሥጋ እጅ ጥርስ መንቀል ስለተከለከለ፣ ዋናው ወረቀት እሱ ነው።

«ትናንት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበሩ ዶክተር?»

«እዚሁ። ታካሚ ነበረኝ፤ አንድ የእንጨት ነጋዴ፣ የመንጋጋ ጥርስ። ተቀባይዋን ጠይቋት።»

ተቀባይዋ ከደጅ ሆና መለሰች። «ነጋዴው አስራ አንድ ተኩል ገብተው ለአንድ ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲል ነው የወጡት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ።»

«በጓሮ ደረጃ የለም?»

«አለ» አለ ዶክተሩ ፈገግ ብሎ። «ግን አፉን የከፈተ ሰው ትቶ የት ይኬዳል? ይልቅ ያንን አንድ እጁን ለምን አትጠይቁትም? ከደጅ አይጠፋም። ባለፈው ሳምንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹አንድ ቀን ብቻ› ይለዋል፤ ሟቹ ደግሞ ‹ውጣ› ይለዋል።»

ካሜራ በዓይኑ ቀረጸ። የሆነች ቀይ መብራት ብልጭ አለች።

«ዛሬ ታካሚ የለም?» አለች መርፌ፣ ባዶዎቹን ወንበሮች እያየች።

«ሰረዝኳቸው። ደንግጫለሁ። ሰው ነኝ እኮ!»

*

ፍራሽ አዳሹን ቤቱ በር ላይ ጥጥ ሲፈታ አገኙት፤ በግራ እጁ፣ በጉልበቱና በአገጩ። ካሜራ ቤቱን ገለባበጠው። ከአልጋው ሥር የሕፃን ልብስ የያዘ ፌስታል ወጣ። ከሕፃኑ ልብስ መሀል ደግሞ በጥንቃቄ የተጠቀለለ ሰባት ቁጥር እጅ።

«እጅ ከፍንጅ!» አለ ካሜራ። ደስታው በሥጋውም ዓይኑ አበራ።

ጣቢያ ሲደርሱ አራት ሰዓት ሆኗል። ዐቃቤ ሕጉ ደወለ፤ አስር ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ተጠርጣሪውን ወደ ዋናው እስር ቤት ይወስደዋል። ዋናው እስር ቤት የገባ ሥጋ ደግሞ ክሱ እስኪሰማ ሁለት ሦስት ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ብረት ከሆነ በዋስ ይወጣል። ይሄ ሕግ አይደለም፤ አሠራር ነው ይላሉ።

«ትናንት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርክ አንተ ሽማግሌ?» አለ ካሜራ።

«እርስዎ በላቸው» አለች መርፌ። «አባትህ ይሆናሉ።»

«የት ነበሩ እርስዎ ሽማግሌ?»

«ቤቴ። ተኝቼ።»

«ጎረቤትህ አልነበረም ብሏል። እጁን ማን ሰጠህ?»

«ማንም አልሰጠኝም።»

«ሰረቅኸው ማለት ነዋ!»

ሰውየው ያቺን ጉማጅ ክንዱን በግራ እጁ አቅፎ ወለሉን ያያል። መርፌ መቀመጥ አልሆነላትም። ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰች፤ ጉልበቷ ቋ ቋ ይላል። መዋሸቱን አውቃለች። ያላወቀችው ለማን ብሎ እንደሚዋሽ ነው።

«ጋሼ፣ እጅ የሚገራው በምንድነው?» አለችው ድንገት።

የሰውየው ፊት ትንሽ ፈታ አለ። «በፍራሽ ነዋ። ጥጥ መፍታት ልስላሴ ያስተምረዋል፣ ቋጠሮ ደግሞ ጉልበት። መጀመሪያ ያስቸግራል፤ በጥፊ የመታኝም አለ። በሠላሳ ቀን ጸባይ ይገባዋል። በአርባኛው ቀን እኔ ሳላዘው ራሱ ጭንቅላቴን ያክልኛል። ልክ ያኔ መጥተው ይወስዱታል።»

«ስንት ገሩ?»

«ሠላሳ አንድ። ሁሉም ልጆቼ ናቸው። አንዳቸውም አይጠይቁኝም» ብሎ ሳቀ።

ጥቅል ብርድ ልብስና ሲባጎ አመጣችለት። «እስቲ ይሰሩልኝ። ስድስት ቦታ።»

ጥቅሉን በጉልበቱ ያዘ፣ ሲባጎውን በጥርሱ፣ በግራ እጁ አዞረው። ጥብቅ። ሁለት ዙር፣ ጅራቱ ወደ ውስጥ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ሲጨርስ ስድስቱም አንድ ነበሩ።

«ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ!» አለ ካሜራ ዓይኑን አጥብቦ። «በራሱ ላይ መሰከረ እኮ!»

መርፌ ግን የስድስተኛውን ቋጠሮ ጅራት ፈልጋ አጣችው። ተደብቋል። እዚያው ቆማ ቀረች።

«ምን ሆኑ?» አለ ካሜራ።

«ያቺን ሻጭ ጥራልኝ። አይ፣ ተወው፤ እኔው እሄዳለሁ።»

*

ሻጯ የተዘጋው ሱቅ ደጃፍ ላይ ነበረች። መርፌ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ሰባት ቁጥርን ማን አዋሳቸው?»

ልጅቷ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ነኝ። ልጃቸው ትናንት ወለደች። ባለፈው ሳምንት፣ ገና ሳትወልድ፣ ‹የልጅ ልጄን በሁለት እጄ ልቀፈው፤ አንድ ቀን ብቻ› ብለው ጌታዬን ለመኑት። ‹የሥጋ ላብ ያበላሸዋል፤ ውጣ› አላቸው። ሠላሳ አንድ እጅ፣ ሰባት ቁጥርንም ራሱን ከገሩለት በኋላ! ብረት እጅ ያለ ውል ለሥጋ ያዋሰ ሁለት ዓመት ይታሰራል። አውቃለሁ። ግን ሲለምኑት አይቼ ሆዴ እምቢ አለኝ። ደብቄ ሰጠኋቸው።»

«ለዚህ ነዋ አፋቸውን የዘጉት።»

«ለእኔ ብለው ነው። ሊታሰሩልኝ ነው እኮ!»

መርፌ ለማዋለጃ ክፍሉ ደወለች። ነርሷም ነገረቻት፦ «አስራ አንድ ሰዓት መጥተው ሕፃኑን አቀፉ። አንድ ሰዓት ላይ በግድ ነው ያስለቀቅናቸው። እናትየዋ ‹አባዬ፣ ጡት ይጥባ እንጂ!› ስትላቸው ‹ቆይ፣ ቆይ› ይላሉ። እንደዚህ ያለ አያት አይቼ አላውቅም።»

ፍራሽ አዳሹ ነጻ ነው ማለት ነው። ግን ይሄንን ለዐቃቤ ሕጉ ብትናገር ሻጯ እስር ቤት ትገባለች። ሌላ ገዳይ ካላመጣች ደግሞ ማን ይሰማታል? ሰባት ሰዓት ሆነ።

«የኔ ልጅ፣ ሰሞኑን ሟቹ ጋ ማን ተቆጥቶ መጣ?»

«ሁሉም። የድሮዎቹን ሞዴሎች ሰኞ እናጠፋለን ብሎ ደብዳቤ በትኗል። ፋብሪካው አገልግሎት አቁሟል። ‹አዲሱን ግዙ› ነው መልሱ። ካሁኑ እየደከሙ ነው፤ ትንሽ ይሠሩና ቀጥ ይላሉ።»

መርፌ ተነሳች። ጉልበቷን ረሳችው። «ትንሽ ሠርተው ቀጥ ይላሉ? አምስት ያህል?»

«ምን አምስት?»

«ተይው። ሁለተኛ ፎቅ ያለው፣ ያሰረው ነገር በመቀስ ካልሆነ የማይፈታው ዶክተር፣ እጁ ስንተኛ ሞዴል ነው?»

ልጅቷ ሳታስብ መለሰች። «የመጀመሪያው ነው። እጁን ደግሞ አስታውሰዋለሁ፤ ፍራሽ አዳሹ ናቸው የገሩት።»

መርፌ የእንጨት ነጋዴውን ስልክ አፈላልጋ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ሰው አፉ ውስጥ ድንች የያዘ ይመስላል።

«ጥርስዎ ወጣ?»

«ኧረ የታለ! ማደንዘዣ ወግቶኝ ‹ይያዝ› ብሎ ወጣ። እኔም እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ግማሽ ሰዓት ይሁን ከዚያ በላይ፣ ተመልሶ ‹ነገ ና› አለኝ። ዛሬ ብሄድ ተሰርዟል። ይኸው ከንፈሬን እየበላሁ ነው!»

*

ዘጠኝ ተኩል ላይ ክሊኒክ ገቡ። ካሜራ ከኋላዋ ያጉረመርማል። «መኪናው በመንገድ ላይ ነው። ሰውየው ተይዟል። እዚህ ምን እናደርጋለን? ጥርስ ልናስነቅል?»

«ዝም በል፤ ያንን ዓይንህን ብቻ ክፈት።»

አንድ ካርቶን ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የማስረጃ ሣጥን ነው፤ ሦስት ቦታ መታሰር አለበት። የኔ ጣት ሥጋ ነው፣ ብርድ ገብቶታል። የሳጅኑ ደግሞ ዓይኑ እንጂ እጁ አይረባም። እርስዎ እንዲህ ያለ እጅ ይዘው...» ብላ የምስክር ወረቀቱን አየችው።

ዶክተሩ ፈገግ አለ። የተመሰገነ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ጓንቱን አወለቀ። «ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጌዋለሁ» አለ ለራሱ እንደሚናገር፣ ሲባጎውን ሳብ እያደረገ። ዓይኑ እሷ ላይ ነው፤ ሥራውን እጁ ነው የሚሠራው። ሁለት ዙር። ጅራቱ ወደ ውስጥ።

ካሜራ ትንፋሹን ዋጠ።

«ጎበዝ እጅ ነው» አለች መርፌ።

«ከፋብሪካው ጀምሮ ጎበዝ ነው።» ሁለተኛው ቋጠሮ። ጠፍጣፋ፣ ጥብቅ። ሦስተኛው ላይ ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ደርሰው ቀጥ አሉ። እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ። ዶክተሩ ሳቀ፣ እጁን ነቀነቀው፣ እንደገና ሳቀ። ከዚያ በግራ እጁ ቶሎ ቶሎ ብሎ አሰረው። ላላ ብሎ ጅራቱ ተንጠለጠለ።

መርፌ ከቦርሳዋ ከሬሳው ላይ የተቆረጠውን ስድስተኛ ቋጠሮ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው።

«ዘጠና ስምንት ከመቶ» አለ ካሜራ፣ ማንም ሳይጠይቀው።



«ፍራሽ አዳሹ ጠዋት ቋጠሮውን በግራ እጃቸውና በጥርሳቸው አስረው አሳዩን» አለች። «ስድስቱም ልክ ነበር። ቋጠሮው ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነዋ፤ ቀኝም ግራም ስጣቸው ያው ነው። ሬሳውን ያሰረው ሰው ግን ቋጠሮውን አያውቀውም። የሚያውቀው እጁ ነው። እጁ ሲደክም ዕውቀቱም አብሮ አለቀ። ለዚህ ነው ጓሮ ወዳቆመው መኪናው ሳይወስደው ጥሎት የሄደው፤ በአንድ እጅ አይነሳማ።»

«ይሄ እጅ በማሽን ነው የሠለጠነው!» ዶክተሩ ወረቀቱን በግራ እጁ ጠቆመ። «ማንም አልነካውም!»

«አርባ ቀን ፍራሽ አስሯል ዶክተር። የአንድ እጁ ሰውዬ ልጅ ነው።»

አንዳንድ ሰው ሲያዝ ይሮጣል፣ አንዳንዱ ይምላል። ይሄኛው ቁጭ ብሎ ያንን የደረቀ እጁን አየው፤ አይጥ ጭኑ ላይ የሞተችበት ይመስል። ግድያውን ስትነግረው እንኳን ፊቱ እንዲህ አልሆነም ነበር።

«ሰኞ ይጠፋል አለኝ» አለ በመጨረሻ። «እጄ ከሌለ ፈቃዴ የለም፣ ፈቃዴ ከሌለ ክሊኒኩ የለም። አንድ ዓመት ብቻ አቆይልኝ ብዬ ለመንኩት። እየሳቀ ‹የድሮው እጅህስ የት አለ? እሱን አትሰፋውም?› አለኝ። ጤነኛ እጄን ነበር እኮ የቆረጥኩት። ምንም ያልሆነ እጅ። ሳቀ። ድንጋዩ አጠገቤ ነበር።»

«አንድ እጁን ሰውዬ ደግሞ ወደ እስር ቤት ልትልክ ነበር።»

«እሱ...» ብሎ ቆመ። «እሱ ምን ያጣል ብዬ ነው።»

መርፌ ካቴናውን ግራው ላይ አደረገች። ቀኙ አላስፈለገውም።

*

መኪናው አስር ሰዓት ላይ መጣ። ዶክተሩን ጭኖ ሄደ።

ፍራሽ አዳሹ የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቆብ ጨብጦ ተቀምጧል። ሻጯ አጠገቡ ናት። ጠረጴዛው ላይ ሰባት ቁጥር ጣቱን ዘርግቶ ተኝቷል።

«ይሄስ?» አለ ካሜራ። ድምጹ እንደ ጠዋቱ አይደለም። «ያለ ውል ነው የወጣው። ልጅቷን መጻፍ አለብን።»

መርፌ እስክሪብቶ አወጣች። «ሥራቸው ምንድነው?»

«የማን?»

«የጋሼ።»

«እጅ መግራት።»

«እንግዲያው ‹ለመግራት ወጥቷል› ብለህ ጻፍ። ውሸት አለው?»

ካሜራ አሰበ። ያቺ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች፤ ከዚያ ጠፋች። ጻፈ። «ማስረጃ ነው ግን። መጋዘን ይገባል።»

«መጋዘን ገብቶ ይድረቅ? የዶክተሩን አላየህም? በየቀኑ ካልተንቀሳቀሰ ይበላሻል፤ የተበላሸ ማስረጃ ደግሞ እኔን ያስጠይቀኛል። የሚያንቀሳቅሰው አደራ ተቀባይ ያስፈልጋል።» ወረቀቱን ወደ ሰውየው ገፋችው። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ። ፍርድ ቤቱ እስኪጠይቅዎት እርስዎ ጋ ይቆያል።»

ሰውየው በግራ እጁ ፈረመ። «መቼ ይጠይቁኛል?»

ካሜራና መርፌ ተያዩ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ።

«የኛን ፍርድ ቤት አያውቁትም እንዴ?» አለ ካሜራ። «ሕፃኑ ሳይድህ አይቀርም። ኧረ ትምህርት ቤት ራሱ ሊገባ ይችላል።»

ፍራሽ አዳሹ ሰባት ቁጥርን አነሳና ጉማጁ ላይ ገጠመው። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ። ምንም ሳያዛቸው ወደ ላይ ወጡና ጭንቅላቱን አከኩለት።

«ይኸው» አለ፣ «አወቀኝ። በሉ ልሂድ፤ ሕፃኑ ይጠብቀኛል።»